የእናቴ ጀበና

በአጥቢያችን "የተባረከች ልጅ" የሚል ስም የወጣልኝ እናቴን ስለማጎርሳት ነው። ስድስት ወር ሙሉ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ እንጀራውን ቆርሼ፣ ወጡን አጥቅሼ፣ እፍ ብዬ አቀዝቅዤ አጎረስኳት። ፊቷን አጠብኩ፣ ቀሚሷን አለበስኩ፣ ሻሿን አሰርኩ። እሑድ ከጉባኤ በኋላ ሊጠይቁን የሚመጡ ቅዱሳን ይህን ሲያዩ እንባቸው ይመጣል፤ አንዳንዶቹም ወደ ልጆቻቸው ዞር ብለው "አያችሁ?" ይላሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ "ኧረ ምንም አላደረግኩም" እላለሁ። ውስጤ ግን ደስ ይለው ነበር። ያ ደስታ ዋጋ ነበረው። ዋጋውን የከፈልኩት ግን እኔ አልነበርኩም፤ እሷ ነበረች።

ካለፈው ዓመት ጥቅምት ልጀምር። ማክሰኞ ጠዋት እማዬ ቡና እየቆላች ነበር። መቁያው ወለሉ ላይ ሲንኳኳ ሰምቼ ከመኝታ ቤት ሮጬ ወጣሁ። ቡናው ተበትኖ ይጨሳል፤ እሷ በርጩማዋ ላይ ወደ ቀኝ ዘማ ተቀምጣለች። የከንፈሯ አንዱ ጥግ ወርዷል። ስጠራት ታየኛለች፤ ልትመልስ ትሞክራለች፤ የሚወጣው ግን ቃል አይደለም። ጎረቤቶች ደረሱ። "ምች ነው" ተባለና ዳማከሴ ተፈለገ፣ ተጨመቀ፣ ታሸ። ታክሲ ያገኘነው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ጎረቤቶቻችንን አልወቅስም፤ እኔም ዳማከሴውን ስጨምቅ ነበርና። ግን ይህን የምታነቡ ወጣቶች አንድ ነገር ያዙልኝ፦ የሰው ፊት በአንድ በኩል ከወረደ፣ አንድ እጁ ከዛለ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ፣ ሌላ ነገር ሳትሞክሩ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

ስትሮክ ነበር። ሐኪሙ የራሷን ፎቶ በብርሃን ላይ ሰቅሎ አሳየን። በግራ በኩል ባለው አንጎሏ ውስጥ አንዱ የደም ሥር በረጋ ደም ተዘግቶ፣ ከዚያ ደም ያገኝ የነበረው ክፍል ተጎድቷል። ግራው አንጎል የሚያዝዘው ቀኙን የሰውነት ክፍል ነው፤ በአብዛኛው ሰው ላይ ደግሞ የንግግርም ቦታ እዚያው ግራ ነው። ስለዚህ ቀኝ እጇ፣ ቀኝ እግሯና አንደበቷ አንድ ላይ ተያዙ። የደም ግፊት ክኒኗን "ምንም አይሰማኝም" ብላ ካቋረጠች ወራት እንዳለፋት ያወቅነው ያን ዕለት ነው። የደም ግፊት ድሮም ብዙ ጊዜ አይሰማም።

ከሆስፒታል ወጥታ ፊዚዮቴራፒ ጀመረች። በአራተኛው ወር ከዘራ ይዛ ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን ሄደች። ጌታ ይመስገን፣ ያን ቀን ቤታችን ሰርግ ቤት መስሎ ነበር። አባዬ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፤ በስልክ ሲነገረው መኪናውን ዳር አስይዞ አለቀሰ። ሁላችንም የቀረው ጊዜ ብቻ ነው ብለን አሰብን።

እማዬ ግን ተራምዳ ሳሎን ደረሰችና ተቀመጠች። በማግሥቱም እንዲሁ። በሳምንቱም እንዲሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትውላለች።

እናቴ ከመታመሟ በፊት ምን እንደነበረች ልንገራችሁ፤ አለዚያ የሚቀጥለው አይገባችሁም። በሰፈራችን አራት ሴቶች ተራ ገብተው ቡና ያፈላሉ። እኛ ቤት ዕጣን ባይጨስም ቡናው በየቀኑ ነበር። እዚያ ቡና ላይ ዕቁብ ይጣላል፣ የተጣሉ ባልና ሚስት ይታረቃሉ፣ የታመመ ማን እንደሆነ ይታወቃል። የታናሽ ወንድሜ የትምህርት ቤት ክፍያ አንድ ዓመት ጎድሎ የሞላው እዚያ ቡና ላይ ነው። እማዬ ሰባኪ አይደለችም፣ ዘማሪም አይደለችም፤ አገልግሎቷ ጀበናዋ ነበረች ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከታመመች በኋላ ሴቶቹ ይመጡ ነበር፤ ግን የሚመጡት ሊጠይቋት ነው። ብርቱካን ይዘው፣ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ቡናው ወደ ታችኛው ግቢ ዞረ። የቡናው ሽታ በአጥሩ በኩል ሲመጣ እማዬ ጋቢዋን ወደ አፍንጫዋ ትስባለች። ሽታው አስጠልቷት ይመስለኝ ነበር፤ መስኮቱንም እዘጋላት ነበር።

ከሰው ጋር መብላትም ትታለች። ምክንያቱን ማንም ያገራችን ሰው ያውቀዋል። የሞተው ቀኝ እጇ ነው፤ በገበታ ላይ ግራ እጅ አይዘረጋም። በግራ መብላት፣ በግራ መስጠት፣ በግራ መጨበጥ ነውር ነው ብላ እኛንም ያሳደገችን እሷ ናት። ትንሽ ልጅ ሳለሁ በግራ እጄ ዳቦ ስቀበል እጄን መታ አድርጋኛለች። በወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ስለዚያች በሰንበት ስለተፈወሰች እጅ ስናጠና ያስተዋልኩት ነገር አለ፤ ታሪኩን ከጻፉት መካከል ቀኝ እጅ መሆኗን የነገረን ሉቃስ ብቻ ነው፣ ምዕራፍ 6 ላይ። ሉቃስ ሐኪም ነበር። ቀኝ እጅ መሆኑ ለዚያ ሰው ምን ማለት እንደሆነ የገባው ይመስለኛል።

በሚያዝያ ወር ፊዚዮቴራፒስቷ "አንድ የሥራ ባልደረባዬን ልላክላችሁ" አለችን። የመጣችው ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ወጣት ናት። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ነኝ አለች። እንዲህ ያለ ሙያ መኖሩን ሰምተን አናውቅም ነበር፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በአገራችን ማስተማር የጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው፤ እሷም ከዚያ የተመረቀች ናት። አባዬ ያን ዕለት ቤት ነበር።

"ኦኩፔሽን ማለት ሥራ አይደለም እንዴ?" አላት። "የታመመች ሴት የት ልታስቀጥሪልኝ ነው?"

ሳቀች። "ጋሼ፣ በእኛ ሙያ ሥራ የሚባለው ደመወዝ ያለው ብቻ አይደለም። ሰው ከእንቅልፉ ተነሥቶ እስኪተኛ ቀኑን የሚሞላው ነገር ሁሉ ነው። ፊት መታጠብም፣ ልብስ መልበስም፣ ለቅሶ መድረስም። ባልደረባዬ እማማን እንዲራመዱ አድርጋቸዋለች። እኔ የመጣሁት ተራምደው ወዴት መሄድ እንደሚፈልጉ ልጠይቃቸው ነው።"

ከዚያ ከእማዬ ዝቅ ያለ በርጩማ ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና "እማማ፣ ከመታመምዎ በፊት ጠዋት ሲነሡ መጀመሪያ ምን ያደርጉ ነበር?" ብላ ጠየቀቻት። እኔ ወዲያው "ትጸልያለች፣ ከዚያ ቁርስ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ይቅርታ እህቴ፣ የጠየቅኩት እማማን ነው።"

ፊቴ ቀላ። ዝም አልን። አንድ ደቂቃ ዝምታ ምን ያህል እንደሚረዝም ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ለካ በስድስት ወር ውስጥ እናቴን ጠይቄ መልሷን ጠብቄ አላውቅም። ሊጠይቁ የሚመጡትም "ምን ትበላለች? እንቅልፍስ ትተኛለች?" ብለው የሚጠይቁት በእሷ ራስ ላይ አሻግረው እኔን ነው። እማዬ የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች፣ ይገባታልም፤ የተሰወረባት ቃል ማውጣቱ ነበር።

ወጣቷ ባለሙያ ወረቀት አውጥታ በእስክሪብቶ ሥዕል ሣለች፦ ማበጠሪያ፣ ገበታ፣ የመታጠቢያ ባልዲ፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ጀበና፣ የቤተ ክርስቲያን በር። ጥሩ ሠዓሊ አይደለችም፤ ጀበናዋ ዳክዬ ትመስል ነበር። "የትኛው ነው በጣም የቀረብዎት?" አለቻት። የእማዬ ግራ እጅ ተነሣ፣ በወረቀቱ ላይ ዞረ፣ ዳክዬዋ ላይ ዐረፈ። ከዚያ ከ1 እስከ 10 ቁጥር ተጻፈላት። ይህ በካናዳ ባለሙያዎች የተዘጋጀና በብዙ አገር የሚሠራበት የአጠያየቅ መንገድ ነው፤ ነገሩ ለአንተ ምን ያህል ያስፈልግሃል፣ አሁን ምን ያህል ትችለዋለህ፣ በምትችለውስ ምን ያህል ረክተሃል ብሎ በቁጥር ይጠይቃል። እማዬ ለአስፈላጊነቱ 10 ላይ ጣቷን ጫነች። ለመቻሏ 1 ላይ። ስለ እርካታዋ ስትጠየቅ ወረቀቱን ገፋችው።

እኔ ብጠየቅ ኖሮ "መጸዳጃ ቤት ለብቻዋ መሄድ" እል ነበር። መስኮቱን ስዘጋባት የነበረውን አሰብኩ።

ቀጥላ እጇን አየች። ጣቷን በእማዬ መዳፍ ውስጥ አድርጋ "ያዙኝ" አለቻት። ጣቶቹ ቀስ ብለው ተዘጉ፣ ትንሽም ተከፈቱ። እኔ ደነገጥኩ፤ ይህን ያህል እንደሚንቀሳቀስ አላውቅም ነበር።

"ማን ነው የሚያጎርሳቸው?"

"እኔ" አልኩ፤ በኩራት።

"የሚያለብሳቸውስ?"

"እኔ።"

"እጁ ትንሽ ተመልሷል" አለች፣ ቆጣ ሳትል። "ግን ሥራ የሚሰጠው አላገኘም።"

ያስረዳችኝን በራሴ ቃል ልጻፈው። ከስትሮክ በኋላ የተጎዳውን የአንጎል ክፍል ሥራ ሌላው ክፍል በከፊል ሊለምድ ይችላል፤ የሚለምደው ግን በድግግሞሽ ነው፣ ያውም ትርጉም ያለው ነገር በማድረግ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ለውጡ ፈጣን ነው፤ በኋላም ቀስ ይላል እንጂ አይቆምም። ኤድዋርድ ታውብ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ አንድ ነገር አስተውሏል፦ የተጎዳ እጅ መጀመሪያ ሲሞከር እንቢ ስለሚል ሰውየው መሞከሩን ይተዋል፤ በኋላ እጁ መንቀሳቀስ ሲችል እንኳ ሰውየው አለመጠቀምን ለምዶታል። ታውብ ከዚህ ተነሥቶ ያዘጋጀው ሕክምና ደህናውን እጅ በጓንት አስሮ ደካማውን በቀን ለብዙ ሰዓት ማሠራት ነው። "የእማማ እጅ አንጓው ገና ለዚያ አልደረሰም" አለችኝ። "ሐሳቡን ግን እንወስዳለን። ችግሩ እዚህ ቤት አለመጠቀምን የለመዱት እሳቸው ብቻ አይደሉም። እንዳይጠቀሙ የምትረዳቸውም አለች።"

አስቀየመችኝ፤ አልዋሻችሁም። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ "ትምህርቴን ያቋረጥኩት ለእሷ ነው፣ ይህች ማን ናት?" አልኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከነገረችኝ ታሪኮች አንዱ ትንሽ አብርዶኛል። ሙያው በ1917 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ጆርጅ ባርተን የሚባል አርክቴክት ነበር። ራሱ ታማሚ ነበር፤ የግራ ጎኑ ሽባ ሆኖበት ነበር። አትክልት እየኮተኮተ፣ በእንጨት ሥራ መሣሪያ እየሠራ ራሱን መለሰና ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ክሊፍተን ስፕሪንግስ በሚባል ከተማ ለሌሎች ታማሚዎች ቤቱን ከፈተ። የመመሥረቻው ስብሰባም የተደረገው እዚያው ቤት ነው። ማለት፣ ሙያው የተጀመረው ተቀምጦ መጦር በሰለቸው ሰው ጭምር ነው።

የመጀመሪያው ትእዛዝ እማዬ በራሷ እንድትበላ ነው። ከሰሃኑ ሥር እርጥብ ጨርቅ ይነጠፋል፣ እንዳይንሸራተት። የማንኪያው እጀታ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይወፍራል፣ ለደካማ ጭብጥ እንዲመች። እኔ ደግሞ አጠገቧ እቀመጣለሁ፣ ምንም አላደርግም። "እጅሽ አላርፍ ካለሽ ተቀመጪበት" አለችኝ።

ተቀመጥኩበት። በመጀመሪያው ቀን ሽሮ ፍትፍቱ ግማሹ ጭኗ ላይ ቀረ። ግማሽ ሰዓት አልፎ ገና አልጨረሰችም። ማንኪያው ወደ አፏ ሲደርስ ይዘምማል፣ ይፈሳል፣ እንደገና ትጀምራለች። እሷ አላለቀሰችም፤ እኔ ግን አለቀስኩ። በሦስተኛው ቀን ከቤተ ክርስቲያን አንዲት እናት መጥተው ይህን አዩና "አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? እናትሽ እንዲህ ስትሆን ዝም ብለሽ ታያለሽ?" አሉኝ። አባዬም በስልክ ሰምቶ "ያቺ ልጅ ልጄን ጨካኝ አደረገችብኝ" አለ። "የተባረከች" የሚለው ስሜ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተገፈፈ። ሕዝብ እንዲህ ነው።

በዘጠነኛው ወይም በዐሥረኛው ቀን ይመስለኛል፣ አልቻልኩም። ማንኪያው ሦስት ጊዜ ከወደቀ በኋላ እጄን ከሥሬ አውጥቼ እንጀራውን ጠቀለልኩና ወደ አፏ አስጠጋሁ። እማዬ በግራ እጇ ክንዴን ገፋችው።

"ተይኝ!"

ከጥቅምት ወዲህ ከአፏ የወጣ የመጀመሪያው ጥርት ያለ ቃል ነው። ቁጣ ነበር። ሁለታችንም ፈዘን ተያየን። ከዚያ እሷ ሳቀች፣ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ፣ እንደገና ወደ ሳቅ። (ከስትሮክ በኋላ ሳቅና ልቅሶ ያለ ፈቃድ ሊመጡ እንደሚችሉ ተነግሮናል፤ ለዚህ ነው ጠያቂ ሲመጣ የምታለቅሰው ሁሌ አዝና እንዳልነበረ የገባኝ።) ጉርሻውን እኔ በላሁት። ያን ማታ ጌታን ስለዚያ ቃል ሳመሰግነው አብሬ አንድ ነገር ተናዘዝኩ፦ እንድታስፈልገኝ ሳይሆን እንዳስፈልጋት እየፈለግኩ ኖሬአለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ትንንሽ ነገር ነው። ቀሚስ ሲለበስ የታመመው እጅ መጀመሪያ ይገባል፣ ሲወልቅ ግን ደህናው መጀመሪያ ይወጣል። እኔ ስድስት ወር በተቃራኒው ስታገል ነበር። ስታነሣት በደካማው ክንድ አትጎትቷት ተባልን፤ የዛለ ትከሻ በመሳብ ይጎዳል። መታጠቢያ ቤት የፕላስቲክ ወንበር ገባ፣ ግድግዳው ላይም መያዣ ብረት ተተከለ። የሰፈራችን አናጺ በአንድ ጣውላ ላይ ሁለት ምስማር ከሥር ወደ ላይ መታልን፤ ሽንኩርቱ ምስማሩ ላይ ይሰካል፣ እማዬ በአንድ እጇ ትከትፋለች። ዋጋውን ስጠይቀው "ለእሳቸው ነው?" አለና አልቀበልም አለ። እሱም ለካ የእማዬን ቡና ጠጥቷል።

የወጣቶች ኅብረታችን መጀመሪያ ሲመጣ በጊታር ነበር። መዝሙር ዘምረው፣ ጸልየው፣ ለስላሳ ጠጥተው ይሄዳሉ። ደስ ይላል፤ እማዬም ታለቅሳለች። አንድ ቀን አዝማቹ ላይ ስንደርስ ከሁላችንም በታች አንድ ወፍራም ድምፅ ሰማን። እማዬ እየዘመረች ነበር፤ ከነቃሉ! "ውኃ" ማለት የማትችል ሴት መዝሙሩን ትዘምራለች። ባለሙያዋ ስትሰማ አልገረማትም፤ መናገር ያቃታቸው አንዳንድ ሰዎች የሚያውቁትን ዜማ ከነቃሉ መዘመር ይችላሉ አለችን። "ደግ፣ መዝሙሩ ይቀጥል። ግን ከመካከላችሁ አንድ ሰው በሳምንት አንድ ቀን መጥቶ ምስር ይልቀምላቸው፤ ይቅርታ፣ አብሯቸው ይልቀም።"

ምስር መልቀም ሕክምና ነው ብትሉ ማን ያምናል? በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት ድንጋይዋን ከምስሩ ለይቶ ማንሣት ለደካማ እጅ ተራራ መግፋት ነው። ከኅብረታችን አንድ ልጅ፣ በጉባኤ ላይ ድምፁ ተሰምቶ የማያውቅ፣ በየሐሙሱ እየመጣ ይለቅም ጀመር። እሱም አይናገርም፣ እሷም አትናገርም። ሁለት ሰዓት በሰፌድ ላይ አጎንብሰው ይቆያሉ። ከምስር ወደ ቡና ፍሬ አለፉ። አንድ ሐሙስ በዝናብ ምክንያት ሲቀር እማዬ በሩን ስታይ ዋለች።

ጀበናው ግን አስፈራኝ። ከሰል አለ፣ የፈላ ውኃ አለ፤ የቀኝ እጇ ስሜትም ቀንሷል፣ ብትቃጠል ቶሎ አታውቅም። ባለሙያዋ አልተቻኮለችም። ምድጃው በጡብ ከፍ ተደርጎ ግድግዳ ተጠጋ፤ ሙቀት የሚፈተነው ሁልጊዜ በግራ እጅ ሆነ። ሙቀጫውን ታናሽ ወንድሜ ተረከበ። ሁለት ሳምንት በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ፣ ጀበናው እስከ ግማሹ ተሞልቶ፣ መቅዳት ተለማመደች። የምትቀዳው በግራ እጇ ነው፤ ቀኙ የረከቦቱን ጠርዝ ይይዛል፣ እንዳይነቃነቅ። ቀኝ እጇ ጀበና እስኪሸከም ብንጠብቅ ዛሬም እየጠበቅን ነበር።

ግን ሲኒውን ለሰው በምን ታቀብላለች? በግራ እጇ ለሰው አትሰጥም። ይህ ጉዳይ ላይ ስትደርስ ጀበናውን አስቀምጣ ፊቷን ታዞራለች። ባለሙያዋም ሁለት ጊዜ መፍትሔ አጥታ ሄደች። በሦስተኛው ልትሰናበት ስትል፣ እኔ ውኃ አቀበልኳትና ቆም ብላ እጄን አየች። እንግዳ ስለሆነች ሳላስበው ያቀበልኳት በቀኝ እጄ፣ ግራ እጄን ከክንዴ ሥር አድርጌ ነበር፤ ለአክብሮት እንደምናደርገው።

"እንደገና አቀብይኝ" አለችኝ። አቀበልኳት። "እማማ፣ አዩ?"

እማዬ አየች። ግራ እጇን ከቀኝ አንጓዋ ሥር አደረገችና ባዶ ሲኒ አንሥታ ዘረጋች። ቀኙ ይንቀጠቀጣል፣ ግራው ተሸክሞታል። የሚያይ ሰው የሚያየው ግን ደካማ እጅ ሳይሆን የተከበረች ሴት አክብራ ስታቀብል ነው። ባለሙያዋ ሲኒውን በሁለት እጇ ተቀብላ ጎንበስ አለች። ይህ በጎንደር መማሪያ ክፍል ውስጥ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ እናቶቻችን ግን ሲያደርጉት ኖረዋል።

በነሐሴ የመጀመሪያው እሑድ እማዬ የጌታን እራት በዚሁ አኳኋን ተቀበለች። በየካቲት አንድ ጊዜ ይዘናት ሄደን፣ አገልጋዩ በርኅራኄ ኅብስቱን አፏ ውስጥ አድርጎላት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በራት እሑድ አልሄድም ብላ ነበር። አሁን ያው አገልጋይ ሊያግዛት እጁን ዘርግቶ፣ የእሷ እጅ ሲመጣ አይቶ፣ የራሱን መለሰ። ጽዋውን ለመጠጣት ብዙ ጊዜ ወሰደባት። መዘምራኑ ሌላ ስንኝ ጨመሩ።

ጳጉሜን 3 ቀን ሦስቱ ሴቶች ለቡና ተጠሩ፤ ለመጠየቅ ሳይሆን ለቡና። ፈንዲሻ እኔ አፈነዳሁ፣ ከዚያ በኋላ እጆቼ ላይ ተቀመጥኩ። እማዬ በግራዋ ቆላች፣ ሽታው ቤቱን ሞላው፣ መስኮቱም ክፍት ነበር። አቦሉ ሲቀዳ ሁለት ሲኒ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ሦስተኛው ጎደለ። ማንም አልተነሣም፤ አስቀድሜ ለምኛቸው ነበር። እማዬ ግራዋን ከቀኟ ሥር አድርጋ የመጀመሪያውን ሲኒ ለታችኛው ግቢ እማማ ዘረጋች። እማማ ተቀበሉ፣ ጠጡ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሊያለቅሱ ነው ብዬ ፈራሁ።

"ቡናው ቀጥኗል" አሉ እማማ። "ድሮም እጅሽ ለቡና ይሰስታል።"

ሌሎቹ ሴቶች ደነገጡ። እማዬ ግን ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከዚያ አፏ ቃል ፍለጋ ሲሄድ አየሁ፤ ሁላችንም ጠበቅን፣ ማንም አልቀደማትም።

"ነገ..." አለች። ቆየች። "ነገ... አንቺ ጋ።"

እኔ ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ፤ የውጪ ጫማዋ ከጥቅምት ጀምሮ አልጋ ሥር ነው፣ ልፈልገው።

"ተይ" አለችኝ፣ ጀበናውን መልሳ ምድጃው ላይ እየጣደች።